ጠባይና የሥራ ሥርዓት፤ ከጌጫ የሥራ ዓመት አንጻር የቀረበ ሂስ

ለተማሪና ለጽሕፈት ቤት ሠራተኛ በዛሬ ጊዜ ከሚሰጡት ምክሮች አንዱ፣ ሰው በመጀመሪያ የጠባዩን ዓይነት ይወቅ፣ ከዚያም ለዚያ ዓይነት የሚስማማውን የሥራ ሥርዓት ይያዝ የሚለው ነው። ዝርዝር የሚወድ ሰው ቀኑን በሰዓት ከፋፍሎ ይጻፍ፤ መታሰርን የማይወድ ሰው ሁለትና ሦስት ዋና ነገር ብቻ ይዞ ይዋል፤ ዝምተኛው ለብቻው ይሥራ፤ ጨዋታ ወዳዱ ከባልንጀሮቹ ጋር ይቀመጥ ይባላል። ምክሩ በመጻሕፍት፣ በሥልጠና አዳራሽና በመጠይቅ ወረቀት አማካይነት ወደ እኛም ደርሷል። ሰውን ሁሉ በአንድ ልክ ከመቍረጥ የሚያድን ስለሚመስልም ሲሰሙት ደስ ያሰኛል።

በዚህ ጽሑፍ ልንመረምረው ያሰብነው፣ ይህ ምክር ለአገራችን ተማሪ፣ ይልቁንም ከደቡብ ምዕራቡ የቡናና የእንሰት አገር ለመጣው ተማሪ ምን ያህል ይረዳዋል የሚለውን ነው። ለምሳሌ የያዝነው ጌጫን ነው። ጌጫ በሸካ ዞን በአንድራቻ ወረዳ፣ ከማሻ ወደ ቴፒ በሚወስደው መንገድ ላይ የምትገኝ ከተማ ናት። ዝናም ከሚበዛባቸው የኢትዮጵያ ስፍራዎች በአንደኛው ያለች ስትሆን፣ ዙሪያዋን ያለው የሸካ ደን እ.ኤ.አ. በ2012 በዩኔስኮ የባዮስፌር ጥብቅ ስፍራ ሆኖ ተመዝግቧል። ጌጫን የመረጥንበት ምክንያት፣ የሥራ ሥርዓት ከየት እንደሚመጣ በዚያ ከሚገኘው ኑሮ በግልጽ ስለሚታይ ነው። አሳባችንን አስቀድመን እንግለጸው። ምክሩ የሚሳሳተው ጠባይ የለም ብሎ ሳይሆን ጥያቄዎቹን በተገላቢጦሽ ቅደም ተከተል በመጠየቁ ነው። ማንነትህን ንገረኝ ብሎ ይጀምራል፤ መጀመሪያ መጠየቅ ያለበት ግን ሥራው ምን ይፈልጋል፣ ሰዓትህስ በማን እጅ ነው የሚለው ነው።

ሰውን በዓይነት መክፈል የቆየ ልማድ ነው። የጥንት ግሪኮች ሐኪሞች የሰውን ጠባይ ከአራት የሰውነት ፈሳሾች ጋር ያያይዙት ነበር። የስዊስ ሐኪም ካርል ዩንግ እ.ኤ.አ. በ1921 ስለ ጠባይ ዓይነቶች ባሳተመው መጽሐፍ፣ አሳቡ ወደ ውጭ የሚያዘነብለውን ሰው አሳቡ ወደ ውስጥ ከሚያዘነብለው ለየ። ካትሪን ብሪግስና ልጇ ኢዛቤል ማየርስ ደግሞ በአሜሪካ ይህንኑ መሠረት ይዘው፣ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ሰውን ለ16 ዓይነት የሚከፍል መጠይቅ አዘጋጁ። ዛሬ በየመሥሪያ ቤቱ የሚሞላው ወረቀት በብዙው የዚህ መጠይቅ ዘር ነው።

ለእኛም ነገሩ እንግዳ አይደለም። ዐውደ ነገሥት የሚባለው መጽሐፍ በአገራችን በብዙ ቤት የታወቀ ነው። በዚህ መጽሐፍ የሰውየውና የእናቱ ስም ፊደሎች ተቈጥረው ድምሩ በ12 ይገደፋል፤ ከቀረውም ቍጥር ኮከቡ ይታወቃል። ሐመል፣ አሰድና ቀውስ እሳት ናቸው፤ ሠውር፣ ሰንቡላና ጀዲ መሬት፤ ጀውዛ፣ ሚዛንና ደለዊ ነፋስ፤ ሸርጣን፣ አቅራብና ሑት ውኃ። ከዚያ በኋላ ጠባዩ፣ ዕድሉ፣ የሚስማማው ሥራና የሚስማማው ቀን ይነገረዋል። እንግዲህ በጠባይህ ልክ ሥራህን ደልድል የሚለው ምክር በሥልጠና አዳራሽ አዲስ ሆኖ ቢቀርብም፣ መልኩን ለሚያውቅ ሰው የአያቶቹን ደጅ ያስታውሰዋል።

ሁለቱን አንድ ናቸው ማለታችን ግን አይደለም። ዐውደ ነገሥት ባለጕዳዩን ስለ ራሱ አንዳችም ነገር አይጠይቀውም፤ መጠይቁ ግን ይጠይቀዋል፤ ስለዚህ መልሱ ከሰውየው ጋር ጥቂት ዝምድና አለው። የሚገናኙት በመጨረሻው ላይ ነው። ሁለቱም ሰውየውን በተዘጋ ሣጥን ውስጥ አስገብተው ስም ይሰጡታል፤ ስሙን የተቀበለውም ሰው፣ ይህስ በእውነት እኔ ነኝ ብሎ ይገረማል። የዚህ መገረም ምክንያት ከብዙ ዓመት በፊት ተመርምሯል። በርትራም ፎረር የሚባል የሥነ ልቡና መምህር እ.ኤ.አ. በ1949 ባሳተመው ጥናት፣ 39 ተማሪዎችን የጠባይ መጠይቅ አስሞልቶ ለእያንዳንዳቸው ውጤታችሁ ይህ ነው ሲል አንድ አንድ ወረቀት ሰጣቸው። ተማሪዎቹ የወረቀቱን ትክክለኛነት ከ5 ነጥብ በአማካይ 4.26 ሰጡት። ዳሩ ግን ለሁሉም የታደለው ቃል በቃል አንድ ዓይነት ጽሑፍ ነበር። ስለዚህ ተማሪ የጠባይ ወረቀቱን አንብቦ እኔን ገለጸኝ ማለቱ ብቻውን ለወረቀቱ ምስክር አይሆንም።

ሌላም ችግር አለ። ጠባይ እንደ ቁመት ነው፤ ረጅምና አጭር የሚባሉ ሰዎች ቢኖሩም አብዛኛው ሰው መካከለኛ ነው። መጠይቁ ግን በመካከል መሥመር አስምሮ፣ ከመሥመሩ በጥቂት ያለፈውን አንድ ዓይነት፣ በጥቂት የጐደለውን ሌላ ዓይነት ይለዋል። ከዚህም የተነሣ ያው ሰው ከጥቂት ሳምንታት በኋላ መጠይቁን እንደገና ሲሞላ ከሌላ ዓይነት ውስጥ የሚገኝበት ጊዜ ብዙ ነው። በጥቅምት ዝርዝር ወዳድ የተባለ ተማሪ በኅዳር ነጻነት ወዳድ ቢባል፣ የጊዜ ሠሌዳውን ቀድዶ ሊጥል ነውን?

የጠባይ ልዩነት መኖሩን አንክድም። እ.ኤ.አ. በ2009 በአርተር ፖሮፓት የቀረበው ሰፊ የጥናቶች ማጠቃለያ፣ ትጋትና ጥንቃቄ ከትምህርት ውጤት ጋር ዝምድና እንዳላቸው አሳይቷል። እንደዚሁም ማለዳ የሚነቃቃና ማታ የሚነቃቃ ሰው መኖሩን፣ ይህም በከፊል ከዘር የሚወረስ መሆኑን የሰውነት ጥናት ይመሰክራል። ነገር ግን ትጉህ ሰው ውጤቱ ያምራል ማለትና፣ ለዚህ ዓይነት ሰው ይህ ሥርዓት፣ ለዚያኛው ያኛው ሥርዓት ይስማማል ማለት ሁለት የተለያዩ ነገሮች ናቸው። ሁለተኛው የራሱ ማስረጃ ያስፈልገዋል። በማስተማር ሥራ ተመሳሳይ አሳብ ነበረ፤ አንዱ ተማሪ በዓይኑ፣ ሌላው በጆሮው ይማራልና ትምህርቱ እንደየዓይነቱ ይሰጥ ይባል ነበር። ፓሽለርና ሦስት ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ2008 ጥናቶቹን መርምረው፣ እንዲህ ማዛመድ ትምህርትን እንደሚያሻሽል የሚያሳይ በቂ ማስረጃ አላገኙም። የሥራ ሥርዓትን ከጠባይ ዓይነት ጋር እናዛምድ የሚሉትም ሰዎች በተመሳሳይ ሚዛን መመዘን ይገባቸዋል።

ዝነኛ የሆኑት የሥራ ሥርዓቶች ራሳቸው ከጠባይ ዓይነት አልተወለዱም። ፍራንቼስኮ ቺሪሎ የሚባል ጣሊያናዊ በ1980ዎቹ (እ.ኤ.አ.) መጨረሻ ተማሪ ሳለ፣ ጥናቱ አልሰበሰብ ስላለው በቲማቲም አምሳል የተሠራ የወጥ ቤት ሰዓት ወስዶ 25 ደቂቃ ማጥናት፣ 5 ደቂቃ ማረፍ ጀመረ፤ ዘዴውም በቲማቲሙ የጣሊያንኛ ስም ፖሞዶሮ ተባለ። ዴቪድ አለን እ.ኤ.አ. በ2001 ባሳተመው መጽሐፍ ደግሞ፣ በአሳብ ውስጥ የሚመላለሰውን ጕዳይ ሁሉ በወረቀት አውጥቶ፣ ለእያንዳንዱ ቀጥሎ የሚደረገውን መወሰን እንደሚገባ አስተማረ። አንደኛው የተነሣው ከተማሪ መቀመጫ ነው፤ ሁለተኛው ጕዳይ ከሚጐርፍበት የቢሮ ጠረጴዛ። ሁለቱም ለተነሡበት ሥራ መልስ ናቸው።

አሁን ወደ ጌጫ እንመለስ። በዚያ አገር የአንድ ቤተ ሰብ ዓመት በሦስት ሥራዎች ይያዛል ብንል ከእውነት አንርቅም፤ እነዚህም እንሰት፣ ማርና ቡና ናቸው። ሦስቱም የየራሳቸው ሰዓት አላቸው።

እንሰት ታጋሽ ነው። ከተተከለ በኋላ ለመፋቅ እስኪደርስ አራትና አምስት ዓመት፣ አንዳንድ ጊዜም ከዚያ በላይ ይቆያል። በደረሰም ጊዜ ዛሬ ካልተፋቀ ይበላሻል የሚባል አይደለም፤ ቆሞ ይጠብቃል። አንድ ጊዜ ከተቈረጠ ግን መፋቁ፣ መጭመቁ፣ በጕድጓድ ውስጥ በቅጠል ሸፍኖ ማብላላቱ በተከታታይ ሊፈጸም ይገባዋል። ይህም ሥራ በአመዛኙ በሴቶች ትከሻ ላይ ነው።

ማር ደግሞ በዛፎች አበባ ይወሰናል። ጌተም የሚባለው ዛፍ ሲያብብ ነጩ ማር ይገኛል። በሸካ ኮቦ የሚባል ልማድ ስላለ፣ አንድ ቤተ ሰብ በታወቀ የደን ክፍል ውስጥ ቀፎውን ከረጃጅም ዛፎች ላይ ይሰቅላል። ቀፎው ከአበባው በፊት መሰቀል አለበት፤ ከአበባው በኋላ የተሰቀለ ቀፎ ባለቤቱ ምንም ዓይነት ጠባይ ቢኖረው ባዶ ነው።

ቡና ግን ፋታ አይሰጥም። ከጌጫ ወደ ቴፒ ቍልቍል ሲወረድ እየበዛ የሚሄደው ቡና በአመዛኙ ከመስከረም መጨረሻ እስከ ታኅሣሥ ይለቀማል። ፍሬው አንድ ጊዜ ስለማይቀላ፣ በአንዱ ዛፍ ሥር ሁለትና ሦስት ጊዜ መመላለስ ያስፈልጋል። ለመታጠብ የሚሄደው ቀይ እሸት በተለቀመበት ቀን ወደ መፈልፈያው ካልደረሰ መቡካት ይጀምራል፤ ጣዕሙም ይበላሻል። በፀሓይ የሚደርቀው ጀንፈል ቢሆን በአልጋ ላይ ተሰጥቶ በየጊዜው መገላበጥ፣ ዝናም ሲመጣ መሸፈን፣ ማታ መከደን አለበት።

በዚህ አገር ያደገ ልጅ እንግዲህ ሦስት ዓይነት የሥራ ሥርዓት ያውቃል። አንደኛው ለዓመታት የሚታሰብ ነው፤ ሁለተኛው አስቀድሞ መዘጋጀትን ይጠይቃል፤ ሦስተኛው የዕለቱን በዕለቱ ማድረስን። ሦስቱንም ያው አንድ ሰው ይሠራቸዋል። በእንሰት ዘገምተኛ የተባለው በቡና ፈጣን ይሆናል፤ በደን ውስጥ ብቻውን ሲውል ዝምተኛ የሚመስለው በደቦ ቀን ጨዋታ አዋቂ ሆኖ ይገኛል። የጠባይ መጠይቁን ቢያስሞሉት፣ በየትኛው ወር ያለውን ሰው ሊመዘግቡት ነው?

ከተማሪ ቤት ሥራም ጋር ብናነጻጽረው ነገሩ አይለወጥም። የመመረቂያ ጽሑፍ እንደ እንሰት ነው፤ ቆሞ የሚጠብቅ ስለሚመስል ይረሳል፤ ከተጀመረ በኋላ ግን ተከታታይ ቀን ይፈልጋል። ከቤተ መጻሕፍት መጽሐፍ መያዝ፣ መረጃ ለመሰብሰብ ፈቃድ መጠየቅ እንደ ቀፎ ናቸው፤ ከጊዜያቸው በፊት ካልተደረጉ ኋላ ቢደረጉ አይረቡም። የዕለት ማስታወሻን መከለስ እንደ እሸት ቡና ነው፤ በዚያው ቀን ካልተነካ ይበላሻል። ሦስቱን ሁሉ በአንድ የጠባይ ቀመር ለመምራት የሚሞክር ተማሪ፣ ቡናውን እንደ እንሰት አቆይቶ እንዲቡካ ያደርገዋል።

ሁለተኛው ጥያቄ ሰዓቱ በማን እጅ ነው የሚለው ነው። የምክሩ መጻሕፍት የተጻፉት ቀኑ በራሱ ትእዛዝ ለሆነ ሰው ነው። ጠረጴዛ፣ መብራት፣ የሚዘጋ በር ያለው ሰው እኔ የሌሊት ሰው ነኝ ብሎ እስከ እኩለ ሌሊት ሊሠራ ይችላል። በጌጫ ዙሪያ ካለ ቀበሌ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርቷን የምትከታተል ልጃገረድ ግን ማለዳ ውኃ ትቀዳለች፤ ከትምህርት መልስ እናቷን በእንሰት ፍቂያ ትረዳለች፤ መብራት ቢኖር ባይኖር ለራሷ የሚተርፋት ጊዜ ጥቂት ነው። የቡናው ለቀማ በትምህርቱ ዓመት መጀመሪያ ላይ ስለሚውል ወንድሟም ከክፍል የሚቀርባቸው ቀኖች ይኖራሉ። ለእነዚህ ልጆች የጠባይ መጠይቅ ቢሰጣቸው፣ ሥራ ጀምሮ አለመጨረስ፣ ሰዓት አለማክበር፣ አሳብ መበታተን የሚሉት ቦታዎች ሁሉ ምልክት ይደረግባቸው ይሆናል። ወረቀቱ የቤቱን ሥራ ብዛት ወስዶ የልጅቷ ተፈጥሮ ነው ብሎ ይጽፈዋል። በእኛ አስተያየት የምክሩ ትልቁ ጕዳት ይህ ነው። በክርክርና በመተጋገዝ ሊቃለል የሚችለውን የጊዜ እጥረት፣ ሊለወጥ የማይችል ጠባይ ያደርገዋል።

ይህ ሥጋት ባዶ አይደለም። በከፋና በሸካ ማንጆ የሚባሉ ወገኖቻችን ለብዙ ዘመን ከጎረቤቶቻቸው ማዕድ ተለይተው፣ ጋብቻም ተከልክለው እንደ ኖሩ የታወቀ ነው። ለዚህ መለየት ሲሰጥ የኖረው ምክንያት ተፈጥሯቸው እንዲህ ነው የሚል ነበር። የዩኒቨርሲቲ መጠይቅ ከዚህ ጋር አንድ ነው አንልም፤ ክፉ አሳብም የለበትም። ዳሩ ግን ለሰው የማይለወጥ የጠባይ ስም መስጠት በቀላሉ ከአንድ ሰው ወደ ቤተ ሰቡ፣ ከቤተ ሰቡም ወደ ወገኑ እንደሚሻገር የዚያ አገር ሰው ከሌላው ይልቅ ያውቃል። ስለዚህ ከዚያ የመጣ ተማሪ እንዲህ ያለውን ስም ለመቀበል ቢያመነታ ሊመሰገን ይገባዋል።

አንባቢ፣ እንግዲያው ለሁሉም አንድ ደወል ይደወል ማለታችሁ ነውን ብሎ ሊጠይቀን ይችላል። በሚሲዮን ትምህርት ቤት ያደግን ሰዎች ደወልን እናውቀዋለን። ለመነሣት፣ ለጸሎት፣ ለምሳ፣ ለጥናት፣ ለመኝታ ይደወል ነበር። ደወሉ የሰጠን ጥቅም ነበረ፤ አሁን ላጥና ወይስ ቆይቼ የሚለውን ክርክር ከእያንዳንዱ ልጅ ትከሻ ላይ አንሥቶት ነበርና። ጕድለቱም ታይቷል፤ ከደወሉ የወጣው ተማሪ ዩኒቨርሲቲ ሲገባ የሚደውልለት አጥቶ የሚባዝንበት ጊዜ አለ። የአብነት ትምህርት ቤቱ የቅኔ ተማሪ በዚህ ረገድ የተሻለ ምሳሌ ይሆነናል። ቀን ለብቻው ተቀምጦ ቅኔውን ይቈጥራል፤ በኋላም ከመምህሩ ፊት ቀርቦ ያሰማል። የማሰሚያው ሰዓት የሁሉም ነው፤ ቀኑን በምን ሁኔታ እንደሚያውለው ግን የተማሪው ፈንታ ነው። እንዲህ ሲሆን የጋራው ሥርዓት ሥራውን ይጠብቃል፤ ጠባይም በውስጡ መንቀሳቀሻ ያገኛል።

ሂስ ማፍረስ ብቻ እንዳይሆን፣ በጠባይ ዓይነት ፋንታ ሊደረግ ይገባል የምንለውን በአጭሩ እናቅርብ። በመጀመሪያ ተማሪው ያለበትን ሥራ ሁሉ ጽፎ፣ የትኛው የሚጠብቅ፣ የትኛው አስቀድሞ መሰናዳት ያለበት፣ የትኛው በዕለቱ የሚበላሽ እንደ ሆነ ይለይ። ሁለተኛ፣ የአንድ ሳምንት ሰዓቱን ቈጥሮ በእርግጥ በእጁ ያለው ስንት እንደ ሆነ ይወቅ። ሦስተኛ፣ ለአራት ሳምንት ያህል ለእያንዳንዱ ሥራ ይፈጅብኛል ያለውን ጊዜና በእውነት የፈጀበትን ጎን ለጎን ይመዝግብ። የዚህ ጥቅም በቍጥር የታወቀ ነው። ቢውለርና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ1994 ባሳተሙት ጥናት፣ የመመረቂያ ጽሑፋቸውን በአማካይ በ33.9 ቀን እንጨርሳለን ብለው የገመቱ ተማሪዎች የጨረሱት በአማካይ በ55.5 ቀን ነበር። ሰው ስለ ራሱ የሚገምተው ይህን ያህል የሚሳሳት ከሆነ፣ ስለ ራሱ በሞላው መጠይቅ ላይ ሥርዓት ከመሥራት ይልቅ በመዝገቡ ላይ መሥራት ይሻላል።

አራተኛ፣ ውሳኔውን ከጊዜና ከቦታ ጋር ያስተሳስር። ፒተር ጎልዊትዘር የሚባለው ሊቅ ከ1990ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ እንዳሳየው፣ አጠናለሁ ብሎ ብቻ ከሚያስብ ሰው ይልቅ፣ እራት እንደ በላሁ ወደ ቤተ መጻሕፍት ሄጄ የዛሬውን ማስታወሻ እከልሳለሁ ብሎ የወሰነ ሰው አሳቡን ይፈጽማል። ይህም ለጌጫ ገበሬ አዲስ ትምህርት አይደለም፤ ጌተሙ ሳያብብ ቀፎ ይሰቀል የሚለው ልማድ ከዚህ የተለየ አይደለምና። ጠባይ የሚገባው በመጨረሻ ነው። ከአራት ሳምንት በኋላ መዝገቡን ያየ ተማሪ፣ ማለዳ የሠራው ከማታው እንደሚሻል፣ ወይም ከጓደኛ ጋር ሲቀመጥ ሥራው እንደሚቀና ያገኝ ይሆናል። ይህን ያገኘው ከራሱ ቀኖች ስለ ሆነ ሊታመን ይችላል፤ ቀኖቹ ሲለወጡም ሊያርመው ይችላል።

ለመምህራኖቻችንና ተማሪን ለሚያማክሩ ሰዎች የምናቀርበው አንድ አሳብ አለን። አዲስ ተማሪ ሲመጣ የጠባይ መጠይቅ ከማስሞላት ይልቅ፣ ከየት እንደ መጣ፣ በአገሩ ምን ሥራ ይሠራ እንደ ነበር፣ በየትኛው ወር ቤቱ እንደሚፈልገው ይጠየቅ። በጥቅምትና በኅዳር ከክፍል የሚጐድለው የቡና አገር ልጅ፣ ሰነፍ ወይም ሰዓት የማያከብር ዓይነት ከመባሉ በፊት ይህ ጥያቄ ይቅደምለት። ከቡናው፣ ከእንሰቱና ከማሩ ያገኘውን የጊዜ ዕውቀት ወደ መጽሐፉ እንዲያሻግረው ቢረዱት፣ ከየትኛውም የጠባይ ወረቀት የበለጠ ይጠቅመዋል ብለን እናምናለን። ከሌሎች ክፍላተ ሀገር የመጡ ጓደኞቻችንም የየአገራቸውን የሥራ ዓመት በዚህ አኳኋን መርምረው በዚህ መጽሔት ቢያወጡት፣ እኛ ከአንድ አገር ተነሥተን ያልነውን ለማጽናት ወይም ለማረም የሚያስችል ይሆናል።